ለጊዜው

ቱሉ ዲምቱ አደባባይ፣ ጉሙ ገና ሳይገፈፍ፣
ታክሲው በር ላይ ቆሜ አንድ እግሬን ሳሳርፍ፣
ረዳቱ አየኝና በዓይኑ መዘነኝ፤
«እናት፣ የሁለት ሰው ነው» ብሎ ተመነኝ።

ከፈልኩ። ምን እላለሁ? የለመድኩት ግብር ነው፤
ከኋላ ወንበር ጥግ ድርሻዬን ስይዘው፣
አጠገቤ ያለው ሰው መስኮቱን ከፈተው፤
አየሩንም ጭምር የበላሁት መሰለው።

ቡታጅራ ስሄድ፣ አክስቴ ደጅ ወጥታ፣
«እሰይ፣ ተመችቶሻል!» ትለኛለች ፈክታ።
ክንዴን ጨበጥ አርጋ፣ እንደ ገዛችው ሙክት።
ግቢ ስመለስ ግን ያው ክንድ ይሆናል ጥፋት፦
«ማታ ማታ አትብዪ»፣ «ሎሚ በሙቅ ውሃ»፣
«ፊትሽ እኮ ቆንጆ ነው»።
ይህቺን «እኮ» የምትሏትን
ስንት ዓመት፣ እንደ እሾህ፣ ረግጬ ዞርኩባት።

ማክሰኞ ዕለት ታዲያ «ጥናት ነው» ተባልንና፣
ከየማደሪያችን ተጠራን በጠዋት ገና፤
ውሃ እንኳ ሳንቀምስ፣ በባዶ ሆዳችን፣
ክሊኒኩ ኮሪደር ተሰለፍን ሁላችን።
ከፊቴ ሲፈን ናት፣ የዶርሜ፣ የጎኔ፤
የእሷ ሙሉ ቀሚስ እጅጌ ነው ለእኔ።
ሜትሩ ወገቤን ዞሮ ጫፍ ከጫፍ ሲተጣጣ፣
ለኪው ልጅ በሐሰት ሳል ሌላ ሜትር አመጣ።

ውጤት በሳምንቱ ደረሰ። ሲስተር ጥሩወርቅ
ወረቀቴን አይታ፣ ባለችበት ድርቅ።
ስኳር ደህና። ግፊት ደህና። የደም ቅባቱም ደህና።
«ሙንተሃ ከድር አንቺ ነሽ?» አለችኝ እንደገና።
ነኝ አልኳት። ይቅርታ ልጠይቅ ነው እንዴ፣
ደሜ ሐሜቱን ሳይሰማ ደህና ቢሆን በዘዴ?
«እንዲህም አለ» አለች፣ «ወፍራም ሆኖ ጤነኛ»፤
ብዕሯ ግን ጥቂት ቆመ፣ እንደ ተጠራጠረ ዳኛ፣
ከዳር፣ በቀጭን ጽሑፍ፣ «ለጊዜው» ብላ ጨመረች።

ለጊዜው! ይህን ቃልማ ሰፈሬም ያውቀዋል፤
ኮዬ ፈጬ ብሎኩ ውስጥ ለጊዜው ውሃ ጠፍቷል፣
መንገዱ ለጊዜው አቧራ፣ መብራቱ ለጊዜው ጨለማ፣
የስንዴው ማሳ ላይ የቆመው፣ ለጊዜው ነው ከተማ።
እዚህ ወረዳ ማን አለ፣
«ለዘላለም» ተብሎ ማኅተም የተመታለት?

ሲፈን ግን የእሷን ወረቀት አራት ቦታ አጠፈችው፣
ካልሲዋን ዝቅ አድርጋ ከቁርጭምጭሚቷ ደበቀችው።
ቅጥነቷን ያየ ሁሉ ጤና ነው ብሎ ሲያልፋት፣
«እንዴት ነሽ?» ብሎ ከልቡ አንድ ቀን የጠየቃት
ሰው አልነበረም። እኔም ጭምር።
ቀሚሷን ሳይ ነበር የኖርኩት።

አልጠየቅኳትም። ታክሲ ያዝን። ያው ረዳት እጁን ዘርግቶ፣
«የሁለት ሰው ነው» አለኝ፣ እንደ ሁልጊዜው በርትቶ።
ሰጠሁት፣ የእኔንና የእሷን። ዛሬስ ሒሳቡ ልክ ነው።
ከአቃቂ እስከ ቃሊቲ፣ አስፋልቱ ሲያንገጫግጨን፣
ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ ዝም አለች።
ሰፊ ነው ትከሻዬ።
አልተነቃነቅሁም።