ድገሙ

ደጃፉ ላይ ጫማ ይወልቃል። የእኔ ቁጥር አርባ አምስት፣
ከልጆቹ ጫማ መሀል፣ እንደ ጀልባ ከዳክዬ ፊት።
የእንግዳ ነጠላ ጫማ ሰጡኝ፤ ተረከዜን አይሸፍንም፤
ሁለት ዓመት ተጫማሁት፣ ሌላ ቁጥር አልመጣም።

እዚህ ስሜ "ረዳት" ነው፤ መጽሐፉን የማነብበት
መምህር ኩሮይዋ ነው፣ ጣቱን ወደ እኔ ቀስሮ፤
ቁልፉን እንደተጫኑት፣ እንዳረጀ የቴፕ ካሴት
ይወጣል ድምፄ ከጉሮሮ።
ከዚያ ለልጆቹ፦ "ድገሙ!"

"ይህ ብዕር ነው።" ስድስት አፍ፦ "ይህ ብዕር ነው።"
"ያ ተራራ ነው።"
(ተራራው በመስኮት ቆሞ ይሰማናል፤
በየትኛውም ቋንቋ ያው ነው።)

ስድስት ብዬ ዋሸሁ። የሚደግመው አምስት ብቻ።
ኢቡኪ ከላምባው ምድጃ ጎን፣ በመጨረሻው መቀመጫ፣
ከንፈሩን እንደ ፖስታ አሽጎ
ውጭ ውጭውን ያያል።

አንድ ሰኞ፣ ምላሴን ከጥርሴ መሀል አውጥቼ
"ይሄ ድምፅ እንዲህ ነው" ስል፣ አየር በአፌ ነፍቼ፣
ምራቄም አብሮ ወጣ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።
ሺኖ አፏን በመዳፏ ከደነች፤ ኩሮይዋ ጠመኔ ቆረሰ፤
ቁጣው እስከዚያው ነው።
ኢቡኪ አልሳቀም።

እኩለ ቀን ላይ ነጭ ቆብ ያጠለቁ ልጆች ምሳ ያድላሉ፦
ሩዝ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ ወተት በጠርሙስ። ዓሣ ከተረፈ ይጫወታሉ፤
ድንጋይ፣ መቀስ፣ ወረቀት። ያሸነፈ ይደግማል።
መድገም ለካ ይሄም ነው፤ ሆዴ ከእኔ ቀድሞ ይሰማል።

ማታ ለእናቴ ስደውል፦
"ምነው ቃል በቃል ታወራለህ?
ደንቆሮ አልሆንኩም እኮ" አለችኝ።
እውነቷን ነው። ቋንቋዬ ሳስቷል፤
ብዕር፣ ውሻ፣ ጠረጴዛ፣ ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ፤
በሁለት መቶ ቃል እውላለሁ፣
በሁለት መቶ ቃል አድራለሁ።

በኅዳር ማለቂያ፣ አውቶቡስ አምልጦኝ በእግሬ ስወርድ፣
ኢቡኪ ካያቱ አጥር ላይ ተቀምጧል፤ በረዶው ገና ሳይወርድ።
ዛፉን በአገጩ አሳየኝ። ቅጠል የለው፣ ፍሬው ተለቅሟል፤
(ካኪ ይሉታል፤ ጨርቅ እንዳይመስላችሁ፣ ፍሬ ነው፣ ሲበስል ይጣፍጣል።)
ጫፉ ላይ አንዲት ብቻ ቀርታለች፣
ቀይ፣ እንዳልጠፋች ፋኖስ።
"ረስታችኋት ነው?" አልኩት በእጄ።
ራሱን ነቀነቀ።
ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ልክ እኔ ክፍል ውስጥ እንደማደርገው፣ ቆራርሶ፦
"ኪ-ማ-ሞ-ሪ።"
ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።
በእንግሊዝኛ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሉ ይኸው ነው፦
"ድገም።"

ደገምኩ። ተሳሳትኩ። "ድገም።"
ደገምኩ። የ"ሪ"ዋ ነገር ምላሴን አሰረችው።
"ድገም።" አምስቴ።
አያቱ መስኮቷን ከፍታ ታየናለች፤ ምን ይመስላት ይሆን?
ከአንድ ፍሬ ሥር ቆመው፣ ድግምት የሚደግሙ ሁለት ጠንቋዮች።
በስድስተኛው ላይ ሳቀ፤ አንድ የፊት ጥርስ የለውም።

ትርጉሙን በማግስቱ ኩሮይዋ ነገረኝ፦
የዛፉ ዘብ። አንዲት ፍሬ አይለቀምም፣
ለወፎቹ፣ ደግሞ ዛፉ ከርሞም እንዲያፈራ።
ኢቡኪ ግን ክፍል ውስጥ ያው ዝም ነው፤
ምንም አልተለወጠም። ውጭ ውጭውን ያያል።
አሁን እኔም አብሬው አያለሁ።

በመጋቢት ትምህርት ቤቱ ተዘጋ።
ስድስቱ ልጆች ከከርሞ ጀምሮ
ወደ ታችኛው ከተማ በአውቶቡስ ይወርዳሉ።
ሰዓቱን ከግድግዳ አወረድነው፤ ከጀርባው ያለው ቀለም አዲስ ነበር።
ምድጃውን አንድ ገበሬ ወሰደው።
ኩሮይዋ በሁለት እጁ፣ ጎንበስ ብሎ፣
በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ሰጠኝ፦
የእንግዳውን ነጠላ ጫማ።
"ሌላ እንግዳ አይመጣም" አለ።

ዛሬም ተረከዜን አይሸፍንም።