ቁጥር ዘጠኝ

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፥ ሊዝበን ገና ተኝታ፥
የቴዡ ወንዝ ካፊያ ድንጋዩን ሲያጥበው በዝግታ፥
እኔ ከመስተዋቱ ወዲህ፥ እነሱ ከመስተዋቱ ወዲያ፤
ለመኖሪያ ፈቃድ የቆመ፥ የጃንጥላ ገበያ።

አርሊንዶ እባላለሁ፤ ደረቴ ላይ ተጽፏል፤
የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ግን አፌ ላይ ተለጥፏል፦
«ዘበኛ ምክር አይሰጥም፥ ቢያውቅም።»

ፊሎሜና ቀድማ ትደርሳለች፥ የቢሳው ሴት፥ ቁጥር አዳይ፤
ከልጇ ደብተር በገነጠለችው ገጽ ትገዛለች ይህን አደባባይ።
ማንም አልሾማት፤ የሚሽራትም የለም።
ሕጓን ትናገራለች፥ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰክታ፦

«ያየኸውን፥ አየሁ በል፤
የሰማኸውን፥ ሰማሁ በል፤
ያላየኸውን፥ ያልሰማኸውን፥ እዚህ ሰልፍ ላይ አትበል።
ቀኑንም ንገር። የመጋቢት ምክር ሰኔ ላይ ይሻግታል፤
ዳቦ ብቻ መሰለህ? ወሬም አረንጓዴ ያወጣል።
አዲስ ሰው ሲጠይቅ አትሳቅ። ጥያቄው ያረጀው ላንተ ነው፤
ለእሱ ገና ዛሬ የተወለደ፥ እትብቱ ያልደረቀ ነው።»

ከዚያ ምክሩ ይወርዳል፥ ከካፊያው ጋር ተደባልቆ፦
ካልሲ ደርብ። የኪራይ ውልህን ሁለት ቅጂ፥ አንዱ ሸሚዝህ ሥር ተደብቆ።
ሽንት ቤቱ ከጣቢያው ጀርባ ነው፤ ዝርዝር ሳንቲም ያዝ፤
ደረጃ ላይ ጎረቤትህን ሰላም በል፤ ካልመለሰም ቂም አትያዝ።
የቤት ፎቶ አይተህ ቀብድ አትላክ፥ ቁልፉ መዳፍህን ሳይቀዘቅዘው፤
የገባህ መስለህ ራስህን አትነቅንቅ፤ «አልገባኝም» ነው ፊርማህን የሚያድነው።

ያን ዕለት ቢሻል መጣ፥ ከካትማንዱ፥ እንጆሪ ለቃሚ፤
ጥፍሩ ሥር ቀይ አለ፤ ከደቡብ ሌሊቱን ተጓዥ፥ ለብቻው ቋሚ።
ቁጥር ዘጠኝ ደረሰው።
ቫሲሌ፥ ሞልዶቫዊው ግንበኛ፥ ቁጥር አምስት፥ ዶሴውን ገለጠለትና
«ጭ!» አለ፥ ክፉ በሽታ እንዳየ ሐኪም።
«የግብር ማስረጃስ? ባለ ማኅተሙ? ያለሱማ በከንቱ መጣህ።
ሃያ ዓመት የኖርኩት ነኝ የምነግርህ። ከድልድዩ ማዶ ሁለት ሰዓት ይከፍታሉ፤ ሩጥ፥ ትደርሳለህ።»

ልጁ ሮጠ።

ያ ወረቀት ከቀረ ሦስት ወሩ።
ማስታወቂያውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ፥ በውስጠኛው ግድግዳ፥ ከበሩ ጀርባ።
ማወቄ ጉሮሮዬ ውስጥ እንደ ዓሣ አጥንት ተጋደመ።
አፌን ከፈትኩ፤ መስተዋቱ ትንፋሼን ለበሰ።
ዘጋሁት።

አባቴ ፈረንሳይ የሄደ ጊዜ፥ ጫማው ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቆ፥
ተራራውን በሌሊት ወርዶ ባቡር ተሳፈረ፥ ተጨንቆ።
አንድ ሰው፥ ከፊቱ የተቀመጠ፥ ወደ መስኮቱ እያየ፥
«የመጀመሪያው ጣቢያ ፖሊስ አለ። ሁለተኛው ላይ ውረድ» አለው።
አባቴ ስሙን አልጠየቀም።
እስኪሞት ድረስ ሻማ ሲያበራለት «ሁለተኛው» እያለ ነበር የሚጠራው።

ሦስት ሰዓት። በሩን ከፈትኩ።
ቫሲሌ ገብቶ ወጣ፤ ፈቃዱ ታድሶለታል፤ ቤቱ መሄድ ይችል ነበር።
ደረጃው ላይ ቆመና በሦስት ቋንቋ፥ ሦስቱንም እየሰበረ፥
«ተሳስቻለሁ! ያ ወረቀት አያስፈልግም! የተሳሳትኩት እኔ ነኝ!» ብሎ ተናገረ።
የሳቀ አልነበረም።

«ዘጠኝ!»
ዝም።
«ዘጠኝ!»
«አለሁ» አለ ቫሲሌ፤ ተመልሶ መስኮቱ ፊት ተገተረ፤
ኪሱን አንድ በአንድ፥ የደረቱን፥ የጎኑን፥ የኋላውን ይፈትሽ ጀመረ፤
መነጽሩን አወጣ፥ ጠረገ፥ መልሶ ከተተ፤ የሌለ ወረቀት ፈለገ፤
አሥራ አንድ ደቂቃ! እኔም እንደ ደንቡ ላስወጣው ሲገባኝ፥
የጫማዬ ክር የተፈታ መስሎኝ ጎንበስ አልኩ።

ቢሻል ደረሰ፥ እያለከለከ፥ እጁ ባዶ።

በማግሥቱ ሌሊት ማስታወቂያውን ከግድግዳው ላጥኩና
መስተዋቱ ላይ ለጠፍኩት፥ ፊቱን ወደ ሰልፉ።
ደንቡ ምክር አትስጥ ይላል እንጂ ወረቀት አታዙር አይልም።
ፊሎሜና ቀርባ አነበበችው፤ እርሳሷን ከጆሮዋ አወረደች፤
መስተዋቱን ኳ ኳ አደረገች፦

«ቀኑን አልጻፍክም።»