አሥራ አንድ ኖት

አኩሪ አተሩ ገብቶ፣ ክዳኑ ተዘግቶ፣
ሳንቶስ ወደብ ቆመን፣ ዝናቡ አባርቶ፣
ሁለተኛው መኮንን፣ ዲዮስዳዶ መጣ፤
ከካርታው ጥግ ላይ «አሥራ አራት» የሚል ቁጥር ጽፎ ወጣ።

«በሰዓት አሥራ አራት ኖት፣ እስከ ሮተርዳም
አሥራ ስድስት ቀን ነው፣ ቢበዛም ቢበዛም።»

ቬድራን እባላለሁ፤ የሪየካ ልጅ ነኝ፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን ከርስ መቀለብ ራሴን ያሸበተኝ።
ካፒቴን ስታማቲስ ዞሮ «አንተስ?» አለኝ።

ምን ልበል?
ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የቀኑ ነዳጇ እጥፍ ላይ አይቆምም፤
ስምንት እጥፍ ካልጠጣች ጥሟ አይቆረጥም።
የቸኮለ አፍሶ የሚለቅም ምድር ላይ ነው፤
በጭስ ማውጫ ወጥቶ ውቅያኖስ ላይ የፈሰሰ ግን ማን ለቃሚ አለው?

«አሥራ አንድ» አልኩት። «ከዚያ በላይ ያለው
ማዕበል ለመደብደብ የሚነድ ገንዘብ ነው።
ከዚያ በታች ደግሞ ሲሊንደሩ ጥላሸት ይውጣል፤
ቀኑም ይረዝምና፣ ያተረፍነውን ሁሉ ኪራይ ይበላዋል።»

ዲዮስዳዶ ዝም አለ።
ላጲሱን በጣቱ እያሽከረከረ ካርታው ላይ ቀለለ።
ሮተርዳም ላይ ወርዶ፣ ኢሎኢሎ ገብቶ፣
በሃያኛው ቀን ልጁን ሊድር ነበር፣ ሸሚዙን ገዝቶ፤
ከነካርቶኑ ነው ሻንጣው ውስጥ ያለው፣
አንገቱ ላይ ገና መርፌው እንዳለው።

ካፒቴኑ ከኪሱ መልእክት አወጣ።
«ከወደቡ ነው» አለ፣ ሳይጨምር ቁጣ፤
«ማራገፊያው ሥፍራ ሃያ ሁለት ቀን አይለቀቅም።
ብትበር ብትከንፍ መሬት አትረግጥም፤
መልሕቅህን ጥለህ፣ ከሩቅ ያገር መብራት ስትቆጥር ታመሻለህ።
ባሕር መሀል ማርፈድ ከዚያ አይሻልህም?»

እኔ እንጃ።
አባቴ ሲቀበር እኔ የነበርኩት መልሕቅ ላይ ነው፤
የቱ እንደሚሻል ዛሬም አላውቀው።

ላጲሱን አነሣ፤ አሥራ አራትን ፋቀ፤
አሥራ አንድ ብሎ ጻፈ፣ ቁጥሩን አደመቀ።

ማታ ከወደቡ እንደወጣን ሞተሩን አላላሁ፤
የሻይ ብርጭቆዬ መንቀጥቀጧን ስትተው አየሁ።
አንድ መቶ ሰማንያ ቶን ነዳጅ ተረፈን፤
ለባለቤቶቹ ይህንኑ ጻፍን።

በማግስቱ ካርታውን በመስኮት ብርሃን ጎንበስ ብዬ አየሁት፤
አሥራ አራት አልጠፋም።
እጁ ተጭኖበት ወረቀቱ ጎድጉዷል፤
ቀለም የሌለው ቁጥር፣
ከአሥራ አንዱ ሥር ሆኖ፣ አሁንም ይነበባል።