ዋጋ የወጣላት

ከሸዋ በር በታች፣ ከበያን ጋራዥ ጀርባ፣
የዝናብ ሸራዋን እንደ ጋቢ ደርባ፣
ቆማለች ፔጇችን፤ አራት መቶ አራት፣
ጀርባዋ የረዘመ፣ ሦስት ረድፍ ወንበር ያላት።

አባቴ እንድሪስ ነው ሐረጎን የወረደባት፣
ደሴን ከኮምቦልቻ ሠላሳ ዓመት የሰፋባት።
ሕጉ ዘጠኝ ሰው ነው። አስረኛው ሲመጣ
በር ይከፍትለታል፤ ማንም ሰው አይቆጣ፤
«ፍቅር ካለ ወንበር ለአስር ይበቃል» ይላል፤
በጉም ከፖርቶ መጋላ አንገቱን ሰግጎ ያያል።

አወል፣ የእህቴ ልጅ፣ ስልኩን ይዞ መጣ፤
አጠባት፣ ወለወላት፣ ፀሐይ ላይ አወጣ፤
የጦሳን ተራራ ከኋላ አስደግፎ፣
ኮፈኗ ላይ ውሃ እንደ ላብ አርከፍክፎ፣
ሠላሳ ፎቶ አነሳት። ለእኔ እንኳ በዕድሜዬ
ሦስት ፎቶ የለኝም፤ አንዱ መታወቂያዬ።
ከስር ጻፈባት፦ «ብርቅ ናት፤ የጥንት ቅርስ፤
በአንድ እጅ የተያዘች፣ ዘይት የማታፈስ።»
(ታፈሳለች እንጂ! ማታ ማታ ከስሯ
ጣሳ አደርጋለሁ፤ ይኸው ነው ምስጢሯ።)

«መነሻ ዋጋዋ ሁለት መቶ ሺህ ብር።»
ሳቅሁ። በዚህ ዋጋ ማንም አይሞክር።
ዒሻ ሳይሰገድ ሦስት መቶ ደረሰ፤
ሱብሂ ላይ ስነሳ አምስት መቶን ጣሰ።
«ንስሩ» የሚባል፣ ፊት የሌለው አንድ ሰው
አሥር ሺህ ሲጨምር፣ «ባለ ቅርስ» ሃያ አለው።
ቁጥሩ እንደ ሐረጎ ይጠመዘዛል፣ ይወጣል፤
እኔም መስኮት እንደያዘ መንገደኛ ሆዴ ይገለበጣል።
ሐረጎ እንኳ አናት አለው፤
ይሄ የት ላይ ነው የሚያርፈው?

ሰፈሩ የሰማው ከእኔ ቀድሞ ነበር።
ዳቦ ልገዛ ስወጣ፣ «እህሳ፣ ሚሊየነር!»
ባለሱቁ ሁሴን ዱቤ ስጠይቅ ሳቀ፤
ቀልድ አስመስሎም ደብተሩን ደበቀ።

ፍሪሲዮኗ አልቆ ብደውል ስልኩን የዘጋ
ወንድሜ ይመር መጣ፣ ሌሊቱ ሳይነጋ፤
እኔን አልፎ ሄዶ ሳማት ኮፈኗን።
ጦይባም ከመርሳ ደረሰች፣ እያሰላች ድርሻዋን፤
«የአባባ ላብ ነው» አለች። እውነቷን ነው፤ ክረምት ሲሆን
ከኋላው ወንበር ይሸታል፤ ያው እኔ ነኝ የማጥበው ላቡን።

ሽንኩርት ልጭን ብዬ በሩን ስከፍት አንድ ጠዋት
ሚስቴ ከደጅ ጮኸች፦ «ሁለት ሚሊዮን ላይ? በሞቴ ተዋት!»
ተውኳት።
ሽንኩርቱን በባጃጅ ሦስቴ አመላልሼ፣
ሌሊት ሌሊት ደግሞ ብርድ ልብስ ለብሼ
አጠገቧ አደርኩ፤
ለገዛ መኪናዬ ዘበኛ ተቀጠርኩ።

እሁድ ስድስት ሰዓት ጨረታው ተዘጋ።
ሁለት ሚሊዮን ስድስት መቶ አርባ ሺህ። ይኸው ዋጋ!
አሸናፊው «ባለ ቅርስ»።
ጠበቅነው። ይመር ሸሚዙን ተኮሰ።
ሰኞ ማንም አልመጣ፤ ማክሰኞ ዝናቡ ሸራዋን አራሰ።

ሐሙስ ማታ አወል፣ ጫማውን እያየ፣
«አጎቴ፣ አትቆጣ» አለ፤ ድምፁም ተለየ።
«ንስሩ እኔ ነኝ።»
«ባለ ቅርሱስ?»
«ጓደኛዬ ነው፣ የሐይቅ ልጅ።
ዋጋው እንዲነቃቃ ብለን ነው እንጂ...»
ለካስ በአንድ አልጋ ላይ ጎን ለጎን ተኝተው
ሰማይ ጥግ ወጥተዋል፣ እርስ በርስ ተጫርተው።

አንድ እውነተኛ ሰው ነበረ። መምህር ነው፣ ከውጫሌ።
ሁለት መቶ አሥር ሺህ ሰጠ፤
«አልቻልኩም፣ ይቅናችሁ» ብሎ ወጣ።

ሰኞ፣ የባቲ ገበያ ቀን፣ ሸራዋን ገፈፍኩ።
ካንዴላዋን ጠረግሁ፣ ጣሳዋን ደፋሁ።
አንዴ አሳለች፤ ሁለቴ፤
በሦስተኛው ተነሳች፣ ልክ እንደ አባቴ።

ሐረጎ አፋፍ ላይ አንዲት እናት እጃቸውን ዘረጉ፤
ዘንቢላቸው ውስጥ ሁለት ዶሮ።
«ኮምቦልቻ ስንት ነው?»
«ሰማንያ።»
መቀነታቸውን ሳይፈቱ
ጎማዋን አዩ፤ በሽቦ የታሰረውን በሯን አዩ።
«ለአሮጌ መኪና? ተወደደ፣ ልጄ። ስልሳ።»

ፊቱን ያየሁት የመጀመሪያው ተጫራች።
«ይግቡ» አልኳቸው።