ሙሉዋና ባዶዋ

ከተክለሃይማኖት ዝቅ ብሎ፣ ጎማ ከተቆለለበት፣
ሁለቱን አቁሟቸዋል ኸይሩ፣ እንደ ሚዜ፣ ግራና ቀኝ፣
ሚኒባስ የሐምሌን ጭቃ ከሚረጭበት።

አንዷ ሙሉ ናት። «ሙሉ» ሲል አፉ ይሞላል፣
በጨርቅ እየወለወለ አንድ በአንድ ይጠራል፦
ንፋስ የሚመልስ መስታወት፣ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሳጥን፣
ለብርድ የሚሞቅ እጀታ፣ መንገድ ለጠፋው ሰው ስክሪን፣
ሬዲዮ፣ የስልክ መሙያ፣ ለወገብ የሚሆን ትራስ፣
ከኋላ መደገፊያ ያለው ወንበር፣ ሰው ተኝቶ የሚሄድበት ናዝሬት ድረስ።
«ቤት ማለት ናት» አለኝ፣ «ሁለት ጎማ ያላት ቪላ፤
ጣራ ብቻ ነው የቀራት፣ እሱም አይቸግርም ኋላ።»

ሌላዋስ? ሌላዋ ምን አላት፤
ሞተር፣ ታንክ፣ መሪ፣ ኮርቻ፣ አንድ ዓይን የሚያህል መብራት።
የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል፣ ሁዳዴ እንደ ጾመ ሰው፤
ሽቦዋ በየት እንደሚዞር ጠይቀህ አይደለም የምታውቀው።
«ይቺስ?» አልኩት። «ይቺማ» አለ፣ ዓይኑን ሳይጥልባት፣
«ራሷን ይዛ ነው የመጣች፣ ጓዝ የላት።»

እኔ ፖስታ ቤት ነው ያረጀሁ፣ ከሚዛን ኋላ ቆሜ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው አገር ስም እየጻፍኩ በገዛ ቀለሜ።
አርባ ምንጭ፣ ማኅተም። ጎዴ፣ ማኅተም። አሶሳ፣ ማኅተም።
ማኅተሙ ያልደረሰበት የለም፤ እኔ ከሞጆ አልፌ አላውቅም።
ጡረታዬ በሚያዝያ መጣ፣ ዕቁቤ ወጣልኝ በሰኔ፣
አንድ መንገድ ይገባኛል አልኩ፣ መስቀል ሲያልፍ፣ ለእኔ፣ ለእኔ።

ሙሉዋ ላይ ወጣሁ። እግሬ መሬት ፈልጎ አጣ።
ከመቆሚያዋ ሳነሳት ወደ ግራ አዘመመች፤
የኸይሩ ልጅ ሙሰማ ከሱቅ እየሮጠ መጣ፣
ሁለታችን ደግፈናት ቆምን፣ እንደ ታመመች አክስት።
ሦስቱም ሳጥን ባዶ ነበር። ባዶ!
ባዶ ሳጥን አውቃለሁ እኔ።
ሰፊ ካርቶን የገዛ ሰው ክፍት ቦታ ሲተው አላየሁ፤
በርበሬው ገብቶ ቦታ ከተረፈ ሽሮ ይጨምራል፣
ሽሮው ገብቶ ከተረፈ ካልሲ፣ ካልሲ ከሌለ ጋዜጣ ጨምድዶ ይከታል፤
ከዚያ ሚዛኑ ላይ ሲወጣ በእኔ ይቆጣል።

ባዶዋ ላይ ወጣሁ። እግሬ መሬት ረገጠ፣ ሁለቱም።
ቁልፉን ስጠመዝዘው ጉሮሮዋን ጠረገች እንጂ ብዙ አልተናገረችም።
«እስከ ለገሃር ብቻ» አለኝ ኸይሩ፣ መታወቂያዬን ይዞ፤
በቸርችል ቁልቁል ለቀቅኳት፣ ኮቴ እንደ ድንኳን ተነፍቶ፣ ልቤ ቀድሞኝ ተጉዞ።
ፖስታ ቤቱን አለፍኩት። የቆምኩበትን መስኮት
ቀና ብዬ እንዳላየሁት
ትዝ ያለኝ ለገሃር ነው፣ ቀይ መብራት ላይ፣ ድንገት።

ዝናቡ የጠበቀኝ እዚያ ነበር። በእጅጌዬ ገባ፣ በአንገቴ፤
ሲኖትራክ አለፈ፣ የቀረችውን ደረቅ ቦታ አጥቦ፣ ከጉልበቴ።
አልዋሽም፦ ያ የሚሞቅ እጀታ ትዝ አለኝ።
ያ መስታወት። ሬዲዮው እንኳ። ማንም ሳያየኝ አፈርኩ።
ስልኬ ጠራ፤ እታፈራሁ ናት። «የቷን ያዝክ?» አለችኝ።
ነገርኳት፦ ቀጭኗን፣ እግሬ መሬት የሚነካባትን፣ ምንም የሌላትን።
ዝም አለች፤ ዝናቡን በስልኩ ውስጥ እሷም ሰማችው መሰለኝ።
«እኔስ» አለች፣ «የት ልቀመጥ?»

እመጣለሁ ብላ አታውቅም። ነይ ብያትም አላውቅ።
ለእኔ፣ ለእኔ ያልኩት ቃል ጉሮሮዬ ላይ ቆመ፣ እንደ ዓሣ አጥንት ሊያንቅ።

ተመለስኩ፣ እየተንጠባጠብኩ። «ኸይሩ፣ ይቺን ነው የምወስድ፤
ከሙሉዋ ግን የኋላውን ወንበር ብቻ ፈትተህ ሽጥልኝ።»
«ሙሽራዬን አፍርሼ ሚዜ ላለብስ!» ብሎ ጮኸ፣ በአላህ ማለ፣
ዋጋ ጠራ፣ ቀነስኩ፣ ሱቅ ገባ፣ ወጣ፣ ሰማዩን አየና
«ሙሰማ፣ አሥራ ሦስት ቁልፍ አምጣ» አለ።

ብሎኖቹ ሲፈቱ ቆሜ አየሁ።
ሙሉዋ ላይ አራት ቀዳዳ ቀረ፣ ዝናቡም ሊሞላቸው ጀመረ፤
ባዶዋ ላይ አንድ ወንበር፣ ትንሽ ጠመም ብሎ፣ ታሠረ።
ልከፍል እጄን ኪሴ ስከት ስልኬ እንደገና ጠራ፦
«ጃንጥላዬንስ?» አለች እታፈራሁ። «እሱን የት እናደርገዋለን?»