ለጊዜው

ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ሠራተኛ ሠፈር፣
ገመድ ላይ የዋለ ሸሚዝ መድረቁ ቀርቶ ሊሻግት ሲጀምር፣
እትዬ ዘነበወርቅ ደወለች በጠዋት፦
«ማድረቂያው ታመመ፤ ይዞራል፣ ይዞራል፣ የለውም ሙቀት።
አርባ የሆቴል አንሶላ፣ የሙሽራ ሱፍ፣
ከነውሃው ላስረክብ? ወይስ ልንሳፈፍ?»

ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቴስተርና ናስትሮ፣
ሁሉም በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በሲባጎ ታስሮ፣
ቁልቁለቱን ወረድኩ፣ ጎርፍ እየቀደመኝ፣
ታክሲው ሁሉ ጭቃ ረጭቶ እየተሳለመኝ።

ማሽኑ ከግድግዳው እኩል ነው ያረጀው፤
ነጭ ነበር አሉ፣ ዛሬ መልኩ የሲጃራ አጫሽ ጥርስ ነው።
የሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ቆየ፣
መለዋወጫውን በሕልሙም ያየ
ነጋዴ የለም፤ መርካቶ ስሙን ብጠራላቸው
«እሱ ገና አለ እንዴ?» ነው መልሳቸው።

ስፒናውን ነቀልኩ፤ ጀርባውን ፈታሁ። ሰባት ብሎን።
ስምንተኛውን ካቻምና የጣልኩት እኔው ነኝ።

ውስጡ ጥጥ። ግራጫ፣ ለስላሳ፣ እንደ ድመት የተኛ፣
የስንቱ ሙሽራ፣ የስንቱ ዘበኛ
ብናኝ አንድ ላይ።
በእጄ ዘገንኩና አወጣሁት፣
የማሞቂያውን መስመር በቴስተር ጫፍ ነካሁት።
ዝም።

ያኔ ነው ያየሁት፦ ከማሞቂያው ሥር፣
ሁለት ሽቦ ተቃቅፎ፣ ሦስት ዙር ተጠምዝዞ፣
ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ።
ይህን እጅ አውቀዋለሁ።
በዚህ ሁሉ ከተማ አንድ ሰው ብቻ ነው
ጫፉን የሚያጥፈው፣
«ሽቦም ያፍራል» እያለ፣ «እርቃኑን አትተወው።»

ጋሽ እንግዳሸት፣ አስተማሪዬ።
የመጀመሪያ ኩርኩሜንም የመጀመሪያ ደሞዜንም ከአንድ እጅ ነው የተቀበልኩት።
ናስትሮው ላይ በእስክሪብቶ፣ ሊጠፋ ጥቂት የቀረው፦
«ለጊዜው። ጥቅምት ፸፬።»

ለጊዜው! ያ «ለጊዜው» ስንቱን ጊዜ ቀበረ፤
መንግሥት ሲለወጥ፣ ብር ሲለወጥ፣ እሱ እዚሁ ነበረ።
ለዘላለም ተብሎ በድንጋይ የቆመው ስንቱ ተነቀለ፣
የጋሽ እንግዳሸት ቋጠሮ ግን መብራት ማሳለፉን ቀጠለ።

እውነቱን ልናገር? ልቤ ደስ ብሎት ነበር።
አርባ ዓመት የቆየ ጥፋት፣ የመምህር ጥፋት፣ እንዴት ይጣፍጣል!
ቋጠሮውን ነካሁት።
ቴስተሩ ጮኸ። ጤነኛ ነው።

ወደ ላይ ወጣሁ። ቴርሞስታቱ፣ አዲሱ፣ የሚያብለጨልጨው፣
ካቻምና እኔ የቀየርኩት፣
«ይኼ ካንቺም ከኔም ይተርፋል» ብዬ የማልኩበት፣
ኮንታክቱ ነዶ ከሰል ሆኗል።

«ምን ሆኖ ነው?» አለች፣ አንሶላ እንደታቀፈች።
«እርጅና» አልኩ።
«የማን?»
ዝናቡ ቆርቆሮውን ደበደበው ጥቂት።
«የኔ ሥራ ነው» አልኩ፣ «የተቃጠለበት።»

አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።
ከቁልፍ ማጠራቀሚያ ጣሳዋ ሥር
በሸሚዝ እጅጌ የተጠቀለለ ነገር አወጣች፦
ያኔ «ሞቷል» ብዬ የወረወርኩት አሮጌው ቴርሞስታት።
«ዕቃ አልጥልም» አለች።
አልሞተም። ዝጎ ነበር።
ብርጭቆ ወረቀት፣ ሁለት ሦስቴ መፈግፈግ፤
አፉ ተከፈተ፣ ናሱ ብልጭ አለ።

ገጠምኩ። ጫፎቹን አጠፍኩ፣ እርቃናቸውን ሳልተው።
ስፒናውን ሰካሁ፣ ማብሪያውን ተጫንኩ፣
ሠፈሩ በሙሉ ጨለመ።
«አንተ ነህ?» አለች።
«መብራት ኃይል ነው» አልኩ፤ ሁለታችንም ሳቅን፣ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጣ።
ከበሮው አቃሰተ፣ ተንከባለለ፣
የእርጥብ ሱፍ ሽታ ቀስ እያለ ሞቀ።
ከኪሴ ስምንተኛውን ብሎን አውጥቼ አሰርኩ።

ሒሳብ አልጠየቅኩም፤ እሷም አላነሳችው።
በሩ ላይ ግን ገና የወጣ ትኩስ ፎጣ
«እስክትደርስ» ብላ ጣለችልኝ ራሴ ላይ።
ድልድዩን ሳልሻገር ዝናቡ ጨረሰው፣
ሙቀቱ ግን አንገቴ ሥር ቆየ፣
ለጊዜው።