አርባ በመቶ

ኤንኩይዘን ወደብ ላይ፣ ቅዳሜ ማለዳ፣
ውሃው ገና አልነቃም፤ መስሏል የተቀዳ
ቀዝቃዛ ሻይ በሳሕን።
ዊብረን ግን ነቅቷል፤ ስልኩን ይዳስሳል፣
አንዱን ትንበያ ዘግቶ ሌላውን ይከፍታል።

የመጀመሪያው አለ፦ «ከቀትር በኋላ
ነፋስ ይበረታል።» አልወደደውም። ሌላ።
ሁለተኛው አለ፦ «ምናልባት፣ ካመሸ።»
ግንባሩ ለዘብ አለ፣ ጥርጣሬው ሸሸ።
ሦስተኛው ፀሐይ ነው፣ ያለ አንድ ደመና፤
«ይኸው! ይሄ ነው እንጂ!» አለ ቀና ብሎ ገና።
ሽማግሌ እንደሚያስለውጥ ባለጉዳይ፣
የሚፈርድለትን እስኪያገኝ ከሰማይ።

ሂልከ የገመድ ጓንቷን እያጠለቀች፣
«የመጀመሪያው ስንት አለ?» ብላ ጠየቀች።
«አርባ በመቶ» አላት፤ «ያው አይነፍስም ማለት ነው።
ስልሳ ከአርባ ይበልጣል። ምን ያከራክረናል ታዲያ?»

እኔ የጀልባቸውን ሆድ የፋቅሁ፣ የቀባሁ፣
ለድካሜ ሽርሽር ተጋብዤ የመጣሁ፣
ዋና የማልችል ሰው፣
በሁለቱ መሐል ቆሜ አዳምጣለሁ።
እኔ የማውቀው «ምናልባት» ክንድ የለው፣ ስንዝር የለው፤
እነሱ ግን እንደ ጨርቅ ዘርግተው ለኩት፣
ከመቶው ላይ አርባውን በመቀስ ቆረጡት።

«እንደ ዛሬ ያሉ ዐሥር ማለዳዎች» አለች፣ «ቢሰለፉ፣
ስድስቱ ዝም ብለው ሳይነኩህ ቢያልፉ፣
አራቱ ይነክሳሉ። ዛሬ የትኛው ነው?
ግንባሩ ላይ የለም ቁጥር የተጻፈው።»
«ፈሪ!» ብሎ ሳቀ።
«ያኔ ዐሥር ነበር» አለች። ሌላ አልጨመረች።

የወጥ ቤታቸውን መጋረጃ የያዘው
ረጅም እንጨት ትዝ አለኝ፣ ጫፉ የተሰነጠረው።
ለካስ ምሰሶ ነበር።

ዊብረን ስልኩን ኪሱ ከተተ።

አልቀረንም ግን። ነፋስ ሽው ሳይል ገና
ሸራው አንድ እጥፍ አጠረ፤ ባውከ ከጎን አየና
በጢሙ ውስጥ ሳቀብን።
ውላቸው ይህ ነበር፦ እስከ ቀዩ ተንሳፋፊ ምልክት፤
ከዚያ ሰባት ሰዓት ሲሞላ፣
ወይም ምዕራቡ የእርሳስ መልክ ሲይዝ፣
የቀደመው ይቅደም፣ መመለስ ያለ ክርክር።
የነፍስ አድን ጃኬቴን ማሰሪያ
ሂልከ ራሷ ጎትታ አጠበቀችው። ሁለቴ።

ሰባት ሰዓት ሆነ። ሰማዩ የታጠበ ብርጭቆ።
ዊብረን አያት፣ አየችው፤
መሪውን ይዞ ትንሽ ዘገየ፤
ቃል ቃል ነውና፣ ዞርን።

ነፋሱ አልመጣም።

ባውከ ወደቡ ላይ ቢራውን ከፍቶ፦
«ውሸታም ትንበያ! ቀናችሁን በላው!»
ሂልከ ገመዷን እየጠቀለለች፦
«ምን ዋሸ? ስድስት ደግ ቀን ነበረው፤
አንዱን ሰጠን።»

ሲመሽ ዊብረንን ብቻውን አየሁት፣
የስልኩ ብርሃን አገጩ ሥር።
ለእሑድ ነበር። የማይወደውን፣
ያንን የመጀመሪያውን፣ ቀድሞ ከፈተ፤
እስከ መጨረሻው አነበበው።
ከዚያ፣ ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣
ሦስተኛውንም።